ቃሉ ምን ምን ይላል?

አምና ነው። የሦስት ቀን ሥራ ከኮምፒውተሬ ላይ ድንገት ጠፍቶብኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልገው አድሬ፣ ሲነጋ ነፋስ ልቀበል ብዬ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። አንድ የማውቀው ዓሣ አስጋሪ መረቡን እያራገፈ ነበር። «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለኝ። «ተወኝ ባክህ፣ የሦስት ቀን ልፋቴን ውሃ በላው» አልኩት።

ዝም አለ። እጁ መረቡን ማራገፉን ቀጠለ፣ ወጋችን ግን እዚያው ላይ ተቆረጠ። ቅር ያለው ነገር እንዳለ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በኋላ ጓደኛው ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ ካቻምና ክረምት ጣና ላይ ሰጥሞ ሞቷል።

«ውሃ በላው» ለእኔ ተራ አባባል ነው። ድካም ከንቱ ቀረ ለማለት ማንም ይለዋል። እሱ ጆሮ ውስጥ ግን ውሃው እውነተኛ ውሃ ነው፣ የበላውም ሰው ነው። ቃሉ ስህተት የለበትም፣ አጠቃቀሜም ስህተት የለበትም፣ ሰውየውን ግን ጎዳሁት።

እንጀራዬ ደግሞ ቃል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ በሚባለው ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የምግብ ቤት ሜኑ እጽፋለሁ። ደንበኛ ወረቀቱን ያነብና «ይቺን ቃል ቀይርልኝ፣ ደስ አላለችኝም» ይላል። «ምኗ?» ስለው አያውቀውም። «እንጃ፣ ብቻ ደስ አትልም።» ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ «እንጃ» ነው። እኔ እንዴት እንደምይዘው ላሳያችሁ፣ ለራሳችሁ ጽሑፍ ትጠቀሙበታላችሁ።

መጀመሪያ ቅመሱት

ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ነገር ይጽፉ ነበር፦ እማሬያዊ ፍቺ እና ፍካሬያዊ ፍቺ። እማሬያዊው ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነገር ነው። ፍካሬያዊው ከዚያ በላይ ተሸክሞ የሚመጣው ነው፤ ትዝታው፣ ክብሩ፣ ንቀቱ፣ ፍርሃቱ። ለፈተና ሸመደድናቸው፣ ከፈተና በኋላ ረሳናቸው።

ለእኔ የሚቀለኝ የማድ ቤቱ አነጋገር ነው። እናቶቻችን ወጥ ይቀምሱና «ጭስ ጭስ ይላል» ይላሉ። ወጡ ውስጥ ጭስ የጨመረ ሰው የለም። ዓሣ በተከተፈበት ቢላ ሽንኩርት ስትከትፉ ሽንኩርቱ «ዓሣ ዓሣ ይላል»። ቃልም እንደዚያው ነው። የዋለበትን ቦታና የነካውን እጅ ይላል። ስለዚህ አንድ ቃል ስትጽፉ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ምን ምን ይላል?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከራሱ ከሽታ እንጀምር። አንድ ዓሣ ቤት የከፈተ ደንበኛዬ በሩ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ አዘዘኝና «የዓሣችን ሽታ ከሩቅ ይጠራል በልልኝ» አለኝ። በአማርኛ ሽታ በራሱ ክፉ ቃል አይደለም፣ «ሽታው ግሩም ነው» እንላለን። ዓሣ አጠገብ ሲቆም ግን ሰው አፍንጫውን ይይዛል። «እሺ መዓዛ በለው» አለኝ። መዓዛ ዕጣን ይላል፣ አበባ ይላል፣ የዘጌ ቡና ሲቆላ ይላል። «የዓሣ መዓዛ» ሲባል ግን ቆሮሶው፣ ያ የጣና ዓሣ፣ ላይ ሽቶ የፈሰሰበት ይመስላል። ጠረንስ? ጠረን የሰው ገላ ነው፤ የሕፃን ጠረን፣ የእናት ጠረን። ግማትን አናነሳውም፤ ለነገሩ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለውን ተረት ዓሣ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለ አለቃው ጮክ ብሎ የሚተርት ሰው አይቻለሁ፣ ጎኑ ያሉት ሰዎች ሹካቸውን አስቀመጡ።

መጨረሻ ላይ ምን አደረግን፣ ሽታውን ጭራሽ ተውነው። «ጠዋት የወጣ ቆሮሶ፣ ለምሳ የተጠበሰ» ብለን ለጠፍን። ይሄ ራሱ አንድ ዘዴ ነው። የሚሆን ቃል ስታጡ ቃል ፍለጋ አትሩጡ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት።

በሰልፍ አቁሟቸው

ሁለተኛው ሥራ ቀላል ነው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። የጻፋችሁትን ቃል ውሰዱና ዘመዶቹን ሁሉ በሰልፍ ደርድሯቸው፣ ከምርቃት እስከ ስድብ።

ብልህ። ብልጥ። ብልጣብልጥ። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ሦስቱም «አእምሮው ፈጣን ነው» ይላሉ። ብልህ ለሽማግሌ ይሰጣል። ብልጥን ከወደዳችሁት ታደንቁታላችሁ፣ ካልወደዳችሁት ኪሳችሁን ትይዛላችሁ። ብልጣብልጥ ደግሞ ያለቀለት ነው፣ ማንም ልጁን አይድርለትም። አንድ አሠሪ ለሚለቅ ሠራተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ሲያጽፈኝ «ብልጥ ሠራተኛ ነበር ብለህ አስገባ» አለኝ። ሊያመሰግነው ነው ያሰበው። ያንን ደብዳቤ የሚያነብ አዲስ አሠሪ ግን መጀመሪያ የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ ነው የሚቀይረው። «ነገር ቶሎ የሚገባው» ብዬ ጻፍኩለት።

ቀጭን ለሚባል ሰውም እንደዚሁ ነው። ሸንቃጣ ሲባል ወገቧን ቀጥ አድርጋ የምትሄድ ሰው ትታያለች። ለግላጋ ስትሉ ወጣትነትና ቁመት ይጨመራል፣ ከወንዝ ዳር የበቀለ ነገር ይመስላል። ከሲታ ስትሉ «ምን ነካት?» ይመጣል። መንማና ደግሞ ጉልበት የለውም ማለት ነው። ክብደቱ ለሁሉም አንድ ሊሆን ይችላል።

ሰልፉ የሚጠቅማችሁ የጻፋችሁት ቃል የት ቦታ እንደቆመ ስለሚያሳያችሁ ነው። ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ያለ የመሰለን ቃል ጥግ ላይ ተገኝቶ ያስደነግጣል።

ከማን ጋር እንደሚውል እዩ

«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይባል የለ? ቃልም የጓደኛውን ጠባይ ይወስዳል።

«ሰበብ» እና «ምክንያት» የሚሉትን ውሰዱ። መዝገበ ቃላት ሁለቱንም አንዱን በሌላው ይፈታቸዋል። አንድ ተማሪ «በሕመም ሰበብ ከፈተና ስለቀረሁ» የሚል ማመልከቻ ጽፎ እንድተይብለት አመጣልኝ። የሐኪም ማስረጃው አብሮ ተያይዟል፣ ልጁ በእርግጥ ታሟል። ግን ሰበብ የሚለው ቃል ሲውል የኖረው ከሚሸሽ ሰው ጋር ነው፤ «ሰበብ አታብዛ»፣ «ሰበብ ፈለገ»፣ «በሰበብ አስባቡ»። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማስረጃውን ከማየቱ በፊት ልጁ ራሱን ከሰሰ። «በሕመም ምክንያት» ብዬ ቀየርኩት፣ አንዲት ቃል ናት።

«ዳረገ»ም አለ። ለችግር ዳረገው፣ ለኪሳራ ዳረገው፣ ለስደት ዳረገው። «ለሀብት ዳረገው» ብትሉ ሰው ይስቃል፣ ወይ የምትቀልዱ ይመስለዋል። ስለዚህ «ድርጅታችን ብዙዎችን ለሥራ ዕድል ዳርጓል» ብሎ መጻፍ ሥራውን መከራ ማድረግ ነው። ይሄን ዓይነት ማስታወቂያ ደግሞ ጽፈው የሚያመጡልኝ ሰዎች አሉ።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ቃሉን አምስት ስድስት የተለመዱ አባባሎች ውስጥ አስገቡትና ጮክ ብላችሁ በሉት። «ሰው»ን ሞክሩ። «ሰው ሁን»፣ «ሰው ነው እኮ»፣ «ሰው የለኝም»፣ «ሰው አለው»። የመጨረሻውን ቢሮ በር ላይ ወረፋ የያዘ ሰው ሲለው ሰው ማለት ሥልጣን ያለው ዘመድ ነው። «ውሃ»ንም ሞክሩ። ውሃ አጣጭ ትዳር ነው። ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚጣላ ነገረኛ ነው። ውሃ የማያነሳ ምክንያት ከንቱ ነው። ትምህርቱ ውሃ ሆነለት ማለት ቀለለው ነው። ውሃ በላው… እሱን ነግሬአችኋለሁ።

ማን በማን ላይ ሲለው ኖረ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው።

ዘበኛ የሚለውን ቃል አስቡት። በንጉሡ ዘመን «ክብር ዘበኛ» ሲባል የተመረጠ ወታደር ነው፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ። ዛሬ ግን አንድ ድርጅት «ዘበኛ እንፈልጋለን» ብሎ ቢለጥፍ የድሮ ሰው የጻፈው ይመስላል፣ «ጥበቃ» ነው የሚባለው። ሥራው አልተቀየረም፣ ያው በር ላይ ቆሞ ማደር ነው። በሩ ላይ የቆመውን ሰው «አንተ ዘበኛ!» እያልን ስንጠራ ዘመን ስለቆጠርን ቃሉ የጩኸታችንን ድምፅ ያዘ። ገረድም እንዲሁ ሆነ። «ሠራተኛ» መጣና ገረድን ተካው፣ አሁን ደግሞ ቤት ውስጥ «ሠራተኛዬ» ሲባል ያቺው የድሮዋ ገረድ ተመልሳ ብቅ ማለት ስለጀመረች ሰዎች «የምታግዘን ልጅ» ይላሉ። እኔ የታዘብኩት፣ ለሥራው ያለን ንቀት ካልለቀቀ አዲሱም ቃል ሁለት ትውልድ ሳይሞላው ይቆሽሻል። ያም ሆኖ አዲሱን ቃል ተጠቀሙ፤ ማስታወቂያውን የሚያነበው ሰው ዛሬ ነው የሚያነበው።

ይሄ ነገር ንጉሠ ነገሥት ሳይቀር አስጨንቆ አዋጅ አስወጥቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አትስደቡ የሚል ነው። «ጠይብ» ደግሞ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው የሚያሳዝን ቃል ነው፣ ከጥበብና ከጠቢብ ጋር ዘመድ ነውና። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ጠቢብ ብለን ጀመርን፣ ከዚያ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ብለን ፈራነው፣ ከዚያ ያንኑ ስም መልሰን ስድብ አደረግነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ገጠር ውስጥ ቃሉ ዛሬም ሰው ያሳድዳል።

እዚሁ ሐይቁ ዳር ደግሞ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች አሉ። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ይላሉ። ከተማው ውስጥ የስማቸው ሁለተኛ ቃል ብቻውን ተቆርጦ ሲጣል ሰምታችሁ ይሆናል፣ በዚያ ድምፅ ሲባል ስም መሆኑ ያበቃል። «ነገደ» የምትለዋ ቃል ስትጨመር ሕዝብ ናቸው፣ ዘር አላቸው ትላለች። ስለ ሰው ስትጽፉ ደንቡ አጭር ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ሙሉ ስም ጥሯቸው።

ስለዚህ ሰውን የሚመለከት ቃል ስትመርጡ ይሄን አድርጉ። ቃሉን ከፍ ካለ ሰው አፍ ወደ ዝቅ ያለ ሰው ስትወረውሩት ምን እንደሚመስል ስሙ። ከዚያ ገልብጡት፣ ዝቅ ያለው ከፍ ላለው ይበለው። በሁለቱም በኩል የሚያስኬድ ከሆነ ጻፉት። በአንድ በኩል ብቻ የሚወረወር ቃል ድንጋይ ነው።

ቦታ ቀይራችሁ ስሙት

ባሕር ዳር የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። አንባቢው ግማሹ ከተሜ ነው፣ ግማሹ ከገጠር ትናንት የመጣ ነው፣ ግማሹ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነበው (ሦስት ግማሽ ሆነብኝ፣ ይሁን)።

«አያ» በጎጃም ገጠር የክብር ስም ነው፣ ታላቅ ወንድም አያ እገሌ ይባላል። ከተማ ያደገ ልጅ ግን «አያ»ን የሚያውቀው ከተረት ነው፣ ከአያ ጅቦ። ስለዚህ አንድን አዛውንት በጽሑፍ «አያ» ብላችሁ ስታነሷቸው ከተሜው ልጅ ጥርሱን ይነክሳል፣ እንዳይስቅ። አንቱም እንደዚያ ነው። እዚህ አገር ለአባትና ለካህን የተገባ ክብር ነው፤ «እርስዎ» ብቻ እየሰማ ላደገ ጆሮ ግን የድሮ ደብዳቤ ይመስለዋል።

ጋለሞታ ግን ከማሳቅ አልፎ ያጣላል። በገጠሩ አነጋገር ባሏን ፈትታ ወይም ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር ሴት ጋለሞታ ትባላለች፣ ሲሏትም የኑሮዋን ሁኔታ መናገር ነው። ከተማ ውስጥ ያው ቃል ስለ ገላ ንግድ ነው። አንድ አባት ለልጃቸው የእርዳታ ማመልከቻ ሲያስጽፉኝ «ጋለሞታ ናት፣ ሁለት ልጅ ታሳድጋለች» አሉኝ። እሳቸው ያዘኑላት ነው። ጽፌው ቢሆን ግን የሚያነበው ወጣት ሠራተኛ ሌላ ነገር ነበር የሚያነብ። «ትዳሯን ፈትታ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ» አልኩ፣ ረዘመ፣ ግን የአባትየውን ሐዘን ይዞ ሄደ።

«ባሕር ማዶ»ን ደግሞ የምነግራችሁ ደስ ስለሚለኝ ነው። ለመላው አገር ባሕር ማዶ ማለት ውጭ አገር ነው፤ ዲያስፖራ፣ ዶላር፣ ናፍቆት። ጣና ዳር ቆሞ ግን ማዶ ማለት ማዶ ነው፣ በጀልባ ሄደው ሸምተው የሚመለሱበት።

ዘመኑን ጠይቁ

ቃል ያረጃል፣ ይታደሳል፣ አንዳንዴም ደም ይነካዋል።

አባይን ተመልከቱ። ከጣና ወጥቶ ከተማችንን ሰንጥቆ ሲያልፍ በየቀኑ እናየዋለን፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ውሃው ሲወረወር ሰው አይቶት ጢስ ብሎታል፣ ጢስ አባይ። ለዘመናት ግን ይሄ ወንዝ በአፋችን ውስጥ ወቀሳ ነበር። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል።» «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።» ቤቱን ትቶ ለባዕድ የሚለፋ ወንድ ሲባል አባይ ነው። ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በመሐል ባሉት 14 ዓመታት ደግሞ ከደመወዛችን እየተቆረጠ ቦንድ ገዛን። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፣ ፊደሉም አልተነካም። አሁን ግን «ማደሪያ የለው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ወይ ታሪክ እያወራ ነው ወይ ነገር ፈልጓል። ተረት ስትጠቅሱ እስከ ዛሬ እውነት መሆኑን አረጋግጡ።

በነገራችን ላይ አባይ ውሸታም ማለትም ነው፤ አባይ ሚዛን፣ አባይ ጠንቋይ እንላለን። ይሄን ሁለትነት ተጠቅሞ ወንዙንም ውሸታሙንም በአንድ ቃል መምታት ሰምና ወርቅ ይባላል። ስሙ ከወርቅ አንጥረኛ የመጣ ነው፤ ቅርጹን በሰም ይሠራና በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስበታል። የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ሰው ይሄን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ግን ከቃል ጠረን ጋር አታምታቱት። ወርቁን ባለቅኔው አስቦ ነው የሚደብቀው። ጠረኑ ግን ሳታስቡት፣ ሳትፈልጉትም፣ ቃሉን ተከትሎ ይገባል።

እምቦጭ ሌላው ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን ወረሰብን። አበባው ሐምራዊ ነው፣ እውነቱን ከተናገርን ቆንጆ ነው፣ ሙሽራ የሚያስጌጥ ዓይነት። ባሕር ዳር ውስጥ ግን እምቦጭን አበባ ብሎ የሚጠራ ሰው አላገኘሁም። ዛሬ ሰው የማይወደውን ቡድን «እምቦጭ» ይለዋል፣ ሳይዘሩት የበቀለ፣ ሲነቅሉት የሚበዛ ለማለት። ይሄን ቃል በሰው ላይ ስትጽፉ ቆም በሉ። ለእምቦጭ ያለን መድኃኒት መንቀል ብቻ ነው፣ ቃሉም ያንኑ ይዞ ይመጣል።

የደርግን ጊዜ ደግሞ እናንሳ። «ጓድ» የሚለው ቃል ያኔ ያለሱ ስብሰባ አይጀመርም ነበር፣ አሁን ጓደኛሞች ለቀልድ ነው የሚባባሉት። «ነፃ እርምጃ» ግን ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ብታዩአቸው ንጹሕ ናቸው፣ ነፃነትና መራመድ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ያለ ፍርድ ሰው መግደል ማለት ሆኑ። ያንን ዘመን ያዩ እናት ፊት «የንግድ ቢሮው ነፃ እርምጃ ይውሰድ» ብላችሁ አንብቡና ፊታቸውን እዩ።

«ወፈርሽ» ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ የተገለበጠ ቃል ነው። እናቴ ዘመድ ስትጠይቅ «ወፈርሽልኝ፣ ተመስገን» ትላለች፣ ጤና፣ ጥጋብና የተመቸ ቤት ማለቷ ነው። እህቴ ይሄንኑ ስትሰማ ማታ እራት አትበላም።

የሐዘን ማስታወቂያ

ከምጽፈው ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ገጹ አጭር ነው፣ የሚያነቡት ሰዎች ግን እያንዳንዷን ቃል ዕድሜ ልክ ያስታውሷታል።

«ሞተ» የሚለው እውነተኛ ቃል ነው፣ ሬዲዮ ላይም ሐኪም ወረቀት ላይም ቦታ አለው። ማስታወቂያ ላይ ግን ይቀዘቅዛል። «አረፉ» ለሸመገለ፣ ልጅ ለዳረ፣ ለታመመና ለተሰናበተ ሰው ይስማማል፣ ድካሙ አለቀ ማለት ነው። የሃያ ዓመት ልጅ «አረፈ» ሲባል ግን ከምኑ? ለእሱ «በአጭር ተቀጨ» ይባላል፣ ቃሉ ራሱ ገና ያላፈራ ቅርንጫፍ ነው። «በሞት ተለየን» ከሟቹ ይልቅ የቀሩትን ያያል፣ ለዚህ ነው ቤተሰብ የሚወደው። «ተሰዋ» ከመሥዋዕት ጋር የተያያዘ ነው፣ ለዓላማ ሞተ ይላል፤ ያው የሞተ ወታደር በሌላው ወገን ዜና «ተደመሰሰ» ይባላል፣ እናቱ ግን ሁለቱንም አትልም።

ሃይማኖትም ጠይቁ፣ አትፈሩ። ለክርስቲያን ቤት «ነፍስ ይማር» ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ «ወደ አኼራ ሄዱ» ይባላል። አንድ ጊዜ በልምድ እጄ ቀድሞኝ የአንዱን ለሌላው ጽፌ ታትሞ ከወጣ በኋላ ነው ያየሁት። ገንዘቡን መለስኩ፣ እንደገና አተምኩ፣ እስከ ዛሬ ያንን ቤተሰብ መንገድ ላይ ሳይ አንገቴን እደፋለሁ።

ሲጻፍላችሁም ንቁ

እስካሁን የነገርኳችሁ ለጸሐፊ ነው፣ ለአንባቢም ይሠራል። «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» ሲባል ያዘነበለ ነገር የተቃና ይመስላል፣ ግን ማስተካከያ ተደርጎ ነዳጅ የረከሰበትን ቀን የምታስታውሱ ከሆነ ንገሩኝ። «የልማት ተነሺ» የሚባለው ሰው በገዛ እግሩ ብድግ ያለ ይመስላል፣ ያው ሰው ያንኑ ፍራሽ ተሸክሞ «ተፈናቃይ» ሲባል ደግሞ የገፋው እጅ ይታያል። «ጠባብ» ለክፍልና ለጫማ ነበር፣ ፖለቲከኞች ሰው ላይ ከለጠፉት በኋላ ስለ ሱቄ ስጽፍ እንኳ አንዳንዴ «አነስተኛ» እላለሁ። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲያጋጥማችሁ የሰልፉን ዘዴ ተጠቀሙ፣ ዘመዶቹን ደርድሩና «ለምን ይሄኛው ተመረጠ?» በሉ።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ካልተማመናችሁ አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ለሚመለከተው ሰው አንብቡለት። እኔ ይሄን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ያ ዓሣ አስጋሪ በዚህ ዓመት ወደ ሱቄ መጣ። የወንድሙን ሙት ዓመት ማስታወቂያ ሊያስጽፍ ነው። ስሙን ጻፍኩ፣ ዕድሜውን ጻፍኩ፣ ከዚያ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። «ያረፈበትን…» ልል ስል አቋረጠኝ።

«አረፈ አትበል። ሬሳውን መች አገኘንና፣ መች ቀበርነው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ትንሽ አሰበ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ ከሱቄ ሐይቁ አይታይም።

«ጣና ያስቀረው በል» አለኝ።

እንደዚያው ጻፍኩት።